«ልጇን አገኘቻት ወይ?» ደብረ ማርቆስ ቤታችን ቡና ላይ ያነበብነው ልብ ወለድ

መጽሐፉን የላከችልኝ ጓደኛዬ ናት። አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝታ አነበበችውና «አንቺ አዋላጅ ነሽ፣ ይሄ ያንቺ መጽሐፍ ነው» ብላ በሰው ላከችልኝ። የካናዳዊቷ ደራሲ የማርጋሬት አትውድ «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ።

ብቻዬን ላነበው ነበር ሐሳቤ። አንድ ማታ እናቴ «ምን አንብበሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?» አለችኝ። የደረስኩበትን ነገርኳት። በማግሥቱ ረከቦቱ ሲቀርብ «ቀጥይ እንጂ» አለች። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ መጡ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሽ እህቴ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ አጎቴ፣ ዲያቆኑ የአክስቴ ልጅ ተጨመሩ። ክረምት ነበር፤ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ሰውን ቤት ይሰበስባል። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው የእኔ ብቻ ሳይሆን የዚያ ቤት አስተያየት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን ገድለው፣ ምክር ቤቱን ረሽነው ሥልጣን የያዙ ሰዎች ጊልያድ የሚባል መንግሥት ያቆማሉ። ለሁሉም ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳሉ። ሴቶች በአንድ ቀን ከሥራ ይባረራሉ። የባንክ ሒሳባቸው ይዘጋል፤ በገንዘባቸው የሚያዝዘው ባል ወይም የቅርብ ወንድ ዘመድ ይሆናል። ማንበብ ይከለከላሉ፤ የሱቅ ታፔላ እንኳ ፊደሉ ጠፍቶ ሥዕል ብቻ ይቀራል። መውለድ የሚችሉት ቀይ ለብሰው ለባለሥልጣናት ቤት ይታደላሉ። ወልደው ለሚስቲቱ ያስረክባሉ። ተራኪዋ ከእነሱ አንዷ ናት። ባሏንም የአምስት ዓመት ሴት ልጇንም ነጥቀዋታል።

ስሟንም ወስደውታል። የምትጠራው «ኦፍሬድ» ተብላ ነው፤ ፍሬድ የሚባለው ሰውዬ ንብረት ናት ለማለት። በአማርኛ «የፍሬድ» አልኳቸው። ማብራሪያ የጠየቀ የለም። እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እኔንስ ሠርጌ ካለፈ ወዲህ የእንትና ሚስት፣ የእንትና እናት እንጂ በስሜ የጠራኝ ማን አለ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ዲያቆኑ መጀመሪያ ላይ ተቆጣ። «ሃይማኖትን ለማጥላላት የተጻፈ ነው» አለና ሁለት ማታ ቀረ። እኔም አልተከራከርኩትም። ሲመለስ የደረስንበት ቦታ ግን ለእሱ የተጻፈ ይመስል ነበር። ቀይ ለባሾቹ በሚሠለጥኑበት ግቢ ምሳ ላይ የተራራው ስብከት ብፁዓን ይሰማሉ፤ ከተቀዳ የወንድ ድምፅ። መሃል ላይ «ዝም የሚሉ ብፁዓን ናቸው» የሚል ተሰንቅሯል። ተራኪዋ ሰዎቹ የጨመሩት መሆኑ ገብቷታል። ግን መጽሐፉን ገልጣ ማመሳከር አትችልም። ዲያቆኑ ከመቀመጫው ተነሣ። «ማቴዎስ 5 ላይ እንዲህ የሚል የለም! ማን ፈቀደላቸው?» አለ። ትንሽ ቆይተን ደግሞ ሴቶቹ ከምግብ በኋላ ሦስት ጊዜ የሚደግሙት መፈክር ጋ ደረስን፤ ከእያንዳንዷ እንደ ችሎታዋ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ የሚል። የሐዋርያው ጳውሎስ ቃል ነው ተብለዋል። አጎቴ ጭናቸውን መቱ። «ይሄማ የማርክስ ነው! በደርግ ጊዜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» አሉ። አንድ ዲያቆንና አንድ የደርግ ዘመን አስተማሪ በአንድ ገጽ ላይ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በጊልያድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚኖረው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው። ቁልፉ የቤቱ ጌታ ጋ ነው፤ የሚያነበውም እሱ ብቻ። የፈራሁት ቀዩን ቀሚስ ሳይሆን ይሄን ሣጥን ነው። ለዲያቆኑም ያልኩት ይህንኑ ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግንብ ላይ ከተሰቀሉት መካከል ካህናት አሉ። ሴቶችን ደብቀው የሚያሸሹት ኩዌከር የሚባሉ አማኞች ናቸው። መንግሥቱን በጦር የሚወጉት ባፕቲስቶች ናቸው። እሱም በተራው የእኛን አገር ታሪክ አመጣ፤ ጽላሎ ላይ ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን። ዓይናቸው አያይም ነበር። ከአባታቸው ተምረው ስንቱን ወንድ አስቀኝተዋል። «ጎጃም ላይ ሴት እግር ሥር ተቀምጠን ተምረናል» አለ፤ ኩራቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እኔም ኮራሁ። ግን እንደሳቸው ዕድል ያልቀናቸው ስንት ሴቶች እንደነበሩ አሰብኩ። አንዷ አጠገቤ ቡና ትቀዳ ነበር።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ልጅ አዝላ። መጽሐፉ ውስጥ ፍሬድ ማታ ማታ ተራኪዋን በድብቅ ቢሮው ያስጠራትና የፊደል መገጣጠሚያ ጨዋታ አብራው እንድትጫወት የሚጠይቅበት ቦታ አለ። እህቴ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። «ፊደል ያጣ ሰው ፊደል ሲነካ እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አንቺ አታውቂውም» አለቻት። መጀመሪያ የጻፈችው የራሷን ስም እንደነበር፣ አመድ ላይ በጣቷ እየጻፈች ታጠፋው እንደነበር የሰማሁት ያን ማታ ነው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ተሰልፈው የሚዳሩበትም ምዕራፍ አለ። «አሥራ አራት?» አለች እናቴ። «በእኛ ጊዜማ ቆማ ቀረች ይሏት ነበር።» እሷ የተዳረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛሬ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ። ሆኖም ካርድ ላይ የተጻፈ ዕድሜና ፊቷ የማይገናኝ ነፍሰ ጡር ምርመራ አልጋዬ ላይ ተኝታ አውቃለች።

እኔን የያዘኝ የወሊዱ ምዕራፍ ነው። ቀይ ለባሾቹ በሙሉ ተጭነው ወደ ወላዷ ቤት ይሄዳሉ። ክፍሉ በሴት ይሞላል። አብረዋት ይተነፍሳሉ፣ አብረው «ግፊ፣ ግፊ» ይላሉ። ይሄን ሳነብ ጆሮዬ ላይ የመጣው ከማዋለጃው በር ውጭ የምሰማው «ማርያም፣ ማርያም» ነው። ቀጥሎ ሚስቲቱ ትመጣለች። ከወላዷ በስተኋላ ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ ወጥታ በእግሮቿ መሃል ታስቀምጣታለች፤ የምታምጠው እሷ የሆነች ይመስል። ሕፃኗ ታጥባ ለእሷ ትሰጣለች። የወለደችው ጥቂት ወራት አጥብታ ወደ ሌላ ቤት ትዛወራለች። እኛ ልጁ እንደተወለደ፣ እንግዴ ልጁ ገና ሳይወጣ፣ እናቱ ደረት ላይ እናስተኛዋለን። የዚያን ጊዜ የእናቲቱን ፊት የሚያውቅ ሰው ይሄን ምዕራፍ ቁጭ ብሎ አያነበውም። ቆሜ ነው የጨረስኩላቸው።

ከዚያ የሐኪሙ ገጽ አለ። በጊልያድ ወንድ መካን ነው ማለት ክልክል ነው። ሕጉ የሚያውቀው የምትወልድ ሴትና የማትወልድ ሴት ብቻ ነው። ሐኪሙ ቃሉን ሲያወጣው ተራኪዋ ትደነግጣለች። ይሄ ለእኔ ሩቅ አገር አይደለም። ሁለት ሚስት «አትወልድም» ብሎ ፈትቶ ሦስተኛዋን ይዞ የመጣ ሰው አስተናግጃለሁ። «አንተም ተመርመር» ስለው እጇን ይዞ ወጣ። ሴትየዋ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት መጽሐፉን ባነበብኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

እትዬን ያስለቀሳቸው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ቀይ ለባሾቹ የእጅ ቅባት እንኳ ስለሚከለከሉ ተራኪዋ ከገበታ ላይ ቅቤ ትሰርቃለች። ጫማዋ ውስጥ ደብቃ ማታ ቆዳዋን ትቀባለች። ግንብ ላይ የተሰቀሉትን ስነግራቸው ችለው የሰሙ ሴትዮ ቅቤው ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ለራሷ ነው የተቀባችው። ለማንም አይደለም» አሉ።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። አጀማመሩ ቀርፋፋ ነው። ትናንትና ዛሬው ስለሚደባለቅ መሃል ላይ የምትጠፉበት ጊዜ አለ። ትልቁን ቅሬታ ያነሣችው እህቴ ናት። ጥቁር አሜሪካውያን የካም ልጆች ተብለው ተጭነው እንደሚሰፍሩ በአንድ የቴሌቪዥን ዜና በጥቂት መስመር ይነገረንና ያልፋል። «እኛ እኮ የምንኖረው እዚያ መስመር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅልንም» አለች። ልክ ናት። ደራሲዋ በታሪክ ያልተፈጸመ ነገር እንዳላስገባች ተናግራለች፤ ታዲያ የባርነትን ታሪክ ወስዳ ባለቤቶቹን ከመድረክ ማውጣቷ እኔንም ከንክኖኛል።

ማብቂያው ላይ እ.ኤ.አ. በ2195 የተሰበሰቡ ምሁራን ስለ ጊልያድ ያወራሉ። ታሪኳ የተገኘው ሠላሳ በሚያህሉ ካሴቶች ተቀድቶ ነው። ምሁሩ በእሷ ላይ ይቀልዳል፣ አዳራሹ ይስቃል። ደሜ ፈላ። እናቴ ግን ካሴቱን ወደደችው። አረብ አገር የነበረች እህቷ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ትልክላት ነበር፤ ዛሬም ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ መጽሐፉን አንብባችሁታል ማለት አይደለም። መጽሐፉ ጸጥ ያለ ነው፤ አንዲት ሴት በሹክሹክታ የምትነግራችሁ ይመስላል። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ፍሬድ ከተራኪዋ ጋር የሚተኛበትን «ሥርዓት» ግን ታላላቆች ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ያስቸግራል። እኔ በሁለት ቃል አለፍኩት። ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ገባቸው። ግዙ ከተባልኩ ግዙ እላለሁ፤ ከቻላችሁ ደግሞ ብቻችሁን አታንብቡት።

እናቴ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ «ልጇን አገኘቻት ወይ?»። ከምሁራኑ ስብሰባ በፊት፣ የራሷ ትረካ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተራኪዋ መኪና ላይ ትወጣለች፤ ወዴት እንደሚወስዷት አይታወቅም። ይሄን ስነግራት እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ «ኧረ ልጅቷስ?» አለች። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዓመታት በኋላ ያለውን ጊዜ የሚተርክ ተከታይ እንዳወጣች ነገርኳት። ለጓደኛዬ ደውዬ እንድትፈልግልኝ ለመንኳት። ትናንት «አገኘሁት፣ ቅዳሜ በሰው ይደርስሻል» አለችኝ። እናቴ የቅዳሜውን ቡና ዛሬውኑ ለቅማ አስቀምጣለች።