ልጄን አምነው ላዳመጧት የሕፃናት ሐኪም

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ዶክተር! እኚህን የሕፃናት የሆድ ዕቃ ሐኪም በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አያርፍም።

የ11 ዓመት ልጄን ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ጀምሮ ያቅለሸልሻታል። አታስመልስም፤ ነገር ግን የምግብ ሽታ ሲደርስባት ፊቷ ይገረጣል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ወራት እንዲሁ አለፉ። የደም ምርመራው ደህና፣ አልትራሳውንዱም ደህና። አንድ ቦታ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት የጻፈላት አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ እሷው እየሰማች «ምንም የለባትም፤ ከትምህርት ቤት ለመቅረት የምትፈጥረው ሰበብ ነው» ተባልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ሲያማት መናገር ተወች። ይህ ከሕመሙ በላይ አንገብግቦኛል፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። የታመመ ልጅ ዋሾ ይባላል?

እኚህ ሐኪም ግን ገና ስንገባ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥተው ከልጄ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ማስረዳት ስጀምር በትሕትና «እርስዎን በኋላ እሰማዎታለሁ፤ መጀመሪያ እሷ ትንገረኝ» አሉኝ። ስትቆም ይብስባት እንደሆነ፣ ራሷን ያማት እንደሆነ፣ እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ፣ የሚያስጨንቃት ነገር እንዳለ ሳይቸኩሉ ጠየቋት። አስተኝተው፣ ቀጥሎም አቁመው የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን ለኩ። ከእሳቸው በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። ስለ ነርቮቹ የነገሩኝን ሁሉ አልያዝኩትም፤ አንጀትና አንጎል ዘወትር እንደሚነጋገሩ፣ በምርመራ የሚታይ ቁስል ሳይኖርም ማቅለሽለሹ እውነተኛ እንደሚሆን ግን ገብቶኛል። ከዚያም ወደ ልጄ ዞረው «የሚሰማሽ ነገር እውነት ነው፤ እኔ አምንሻለሁ» አሏት። ልጄ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም አልቻልኩም።

የሰጡን ምክር ውድ መድኃኒት አልነበረም። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ውኃ በደንብ መጠጣት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ ማቅለሽለሹ ሲመጣ በረጅሙ መተንፈስ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም አገናኙን። ትምህርት ቤት ፈጽሞ ከመቅረት በጥቂት ሰዓት ጀምራ ቀስ በቀስ እንድትመለስ አደረጉ። ማስመለስ ጀምራ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ከቀላቀለ፣ ክብደቷ ከቀነሰ፣ ራስ ምታት ከእንቅልፏ ከቀሰቀሳት፣ ሽንቷ ካነሰ ግን ሳንውል ሳናድር እንድናመጣት አጥብቀው አስጠነቀቁን። እንዲህ ለይቶ የነገረን ማንም አልነበረም።

ማቅለሽለሹ ጨርሶ ለቋታል አልልም። ግን ትምህርቷን ትከታተላለች፣ ትጫወታለች፣ ሲያማትም ሳትፈራ ትነግረኛለች። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልጁ የሚያቅለሸልሸው ወላጅ ካለ እባካችሁ፣ እባካችሁ እኚህን ሐኪም እዩ። አድራሻቸውን ለሚጠይቀኝ በግል እሰጣለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ማቅለሽለሹ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚያባብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው በየቀኑ በማስታወሻ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው። ዶክተር፣ እርስዎንም አብረውዎት የሚሠሩትን ነርሶችም እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።