ዩኤስቢ ወይስ ኔትወርክ ፕሪንተር? ለኮፒ ቤት የቱ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት የሚከፍቱ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ርካሹን የዩኤስቢ ገዝቼ ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሼር ባደርገው አይበቃም?» አይበቃም። ትንሽ ጨምሩና የራሱ ኔትወርክ ያለውን፣ ማለትም በኬብል ወይም በዋይፋይ ራሱ ከራውተሩ ጋር የሚገናኘውን ግዙ።

እስቲ እናስላው። የዋጋ ልዩነቱ 6 ሺህ ብር ነው እንበል። የወረቀትና የቶነር ወጪ ተቀንሶ ከገጽ 2 ብር የሚተርፈው ቤት በ3 ሺህ ገጽ ይመልሰዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ይሄ ምንም አይደለም። ዩኤስቢው ግን የተሰካበት ኮምፒውተር ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ ተማሪው ፍላሹን ነቅሎ ጎረቤት ይገባል።

ከዚያ ደግሞ ፕሪንተሩን ሼር ያደረገውን ኮምፒውተር ከሌሎቹ ላይ ስትፈልጉት «ኮምፒውተሩ አይታየኝም» የሚባል ጣጣ አለ። ድሮ የዊንዶውስ ማሽኖች የሚተዋወቁት በኔትወርኩ ላይ ስማቸውን እየተጣሩ፣ አንዳቸው የሁሉንም ዝርዝር ይዞ ነበር። ይህ አሠራር ኤስኤምቢ 1 ከሚባለው አሮጌ ፋይል መጋሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከ2017 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን ኤስኤምቢ 1 አብሮ አይመጣም። አንዳንድ ባለሙያ መልሶ ሊከፍትላችሁ ይሞክራል። እሺ አትበሉ! በዚያው ዓመት ዋናክራይ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ላይ ከሆነም ፍለጋው ዝግ ነው። ሴፕቴምበር 2021 ላይ የወጣው አፕዴት ደግሞ ሼር የተደረጉ ፕሪንተሮችን «11ቢ» በሚል ስህተት ስንቱ ቤት አስቁሟል።

ኔትወርክ ያለው ፕሪንተር የማንንም ኮምፒውተር አይጠብቅም። ዝርዝር ውስጥ ባይታይ እንኳ አይፒ ቁጥሩን (የኔትወርክ አድራሻውን) ጽፋችሁ ታስገቡታላችሁ፣ ያትማል።

ስትገዙ የሞዴሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እዩ። ኤችፒ 107ኤ ዩኤስቢ ብቻ ነው፣ 107ደብሊው ዋይፋይ አለው። አንድ ጓደኛዬ የደብሊውን ዋጋ ከፍሎ ኤ ይዞ ቤቱ ገብቷል። ካርቶኑን አትመኑ፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከስልካችሁ ዋይፋይ ጋር አገናኝተው አንድ ገጽ ያትሙላችሁ። በኬብል የምትዘረጉ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ የመዳብ ዋጋ እንዳትከፍሉበት። ቶሎ ይሰበራል።

ከተከላችሁት በኋላ መጀመሪያ ራውተሩ ላይ አይፒውን ቋሚ አድርጉለት። ያለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ «ኦፍላይን» ይላል።