ሲከፈት ሻማና ጸበል የሚወጣው የሕሙማን መስቀል፤ ቤት ውስጥ ቢኖር ይጠቅማል?

የካቶሊክ ንዋያተ ቅድሳት ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው ይህ የእንጨት መስቀል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ተራ ነው። የፊት ክዳኑ ሲንሸራተት ግን ከውስጡ ሁለት ሻማ፣ ትንሽ የጸበል ጠርሙስ፣ ጥጥና ነጭ ጨርቅ ይወጣል። ካህኑ ምሥጢረ ቀንዲል (ሕሙማን በተባረከ ዘይት የሚቀቡበትን ምሥጢር) ሊሰጥ ሲመጣ ስቅለቱ ያለበት ክዳን የታችኛው እንጨት ላይ ተሰክቶ ይቆማል፤ ሻማዎቹም ግራና ቀኝ ይተከላሉ። ሕመምተኛው አንገቱን ሳያዞር እንዲያየው ከራስጌ ይልቅ ከጎኑ፣ በዓይኑ ትክክል ቢቀመጥ ይሻላል።

ዕቃው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ተገዝቶ መረሳቱ ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ክዳኑ አልከፈት ይላል፤ መንሸራተቻውን በደረቅ ሻማ ማሸት ይበቃዋል። የሻማው ቀዳዳ ከሰፋ እግሩን በፎይል መጠቅለል ነው። ጠርሙሱ ባዶውን ስለሚሸጥ ጸበሉን ከቤተ ክርስቲያን መቅዳት፣ በየፋሲካውም መቀየር ያስፈልጋል። ቅባት ግን አይጨመርበትም። ጳጳሱ የባረከውን የሕሙማን ዘይት ካህኑ ራሱ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀባውም ግንባርንና እጆችን ነው።

ኦክስጅን በተሰካለት ሰው አጠገብ ሻማ ፈጽሞ አይለኮስ! ኦክስጅኑ አልጋ ልብሱ ውስጥ ስለሚሰርግ ትንሽ ፍንጣሪ እንኳ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሻማ ባይበራ ምሥጢሩ አይጎድልም።

ቅር የሚያሰኘው ከአንዳንዱ ጋር የሚመጣው አሮጌ ወረቀት ነው። አሁንም «የመጨረሻ ቅባት» ይላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1972 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱን ካደሱ በኋላ ምሥጢሩ ለሞት አፋፍ ብቻ የተተወ አይደለም፤ ሕመሙ ሲብስም ሊደገም ይችላል። ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ካህን የሚጠራው ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ንስሐ መግባትም መቁረብም አይችልም።

ወረቀቱ ላይ ለአስታማሚም ምንም የታሰበለት ነገር የለም። ሌሊቱን ስትገላብጥና ስታጥብ ያደረች ልጅ ለእናቷ ሾርባ ስታጎርስ ስለቀመሰች ብቻ «ጾሜን ፈታሁ» ብላ ከቁርባን ትቀራለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቀኖና 919 ግን ሕሙማንንና አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን የሚያስታምሟቸውንም ከቁርባን በፊት ከሚጾመው የአንድ ሰዓት ጾም ነጻ አድርጓል። ሕመምተኛው ደረቅ ነገር መዋጥ ካቃተው ከቅዱስ ቁርባኑ የክርስቶስን ደም ብቻ መቀበል ስለሚችል ካህኑ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ አስቀድሞ ይነገረው። ቁራሽ መዋጥ ለሚችለው ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃና ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ሁለቱም መስቀሉ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ መቆሚያው ሰፊና ከባድ የሆነውን ምረጡ። አሮጌውን ወረቀት አውጡና በምትኩ የቁምስናውን (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑን) ስልክ ቁጥር በጉልህ ጽፋችሁ ከጥጡ ሥር አስቀምጡ፤ አስታማሚዋ በሌሊት በደብዛዛ መብራት ልታነበው ትችላለችና።