ለቤት ሠራሽ ሲንተሳይዘር የትኛው ቪሲኤ? ኤልኤም13700፣ 2164 ወይስ ሁለት ትራንዚስተር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ አናሎግ ሲንተሳይዘር የሚሠራ ሰው ቪሲኤ (በቮልቴጅ እየታዘዘ የድምፅን መጠን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት) ሲመርጥ የድምፁን ጥራት ብቻ ማየት አይበቃውም። ቪሲኤውን የያዘው አይሲ (ቺፕ) ቢቃጠል ምትኩ ከየት ይመጣል የሚለውም አብሮ መታሰብ አለበት።

ለመጀመሪያ ሥራ ኤልኤም13700 የሚባለው አይሲ ይሻላል። በአንድ አይሲ ውስጥ ሁለት ቪሲኤ አለው፤ ባለ 16 እግሩ ዲፕ (ረጅም እግር ያለው ቅርጽ) በሶኬት ስለሚቀመጥ ሲበላሽ ያለ ካውያ ይቀየራል። ድክመቱ መግቢያው ነው፦ ከ20 ሚሊቮልት ያለፈ ሲግናል ሲገባበት ድምፁ መሻከር ይጀምራል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት የሆነውን ሲግናል በ100 ኪሎኦም አስገብታችሁ በ220 ኦም ወደ ግራውንድ አውርዱት፤ ጫፉ ወደ 11 ሚሊቮልት ይቀንሳል። ሌላውንም መግቢያ በ220 ኦም ግራውንድ አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፒን 1 (የመቆጣጠሪያው ከረንት የሚገባበት እግር) ላይ ነው። የኢንቨሎፑ (ቁልፍ ሲነካ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሲግናል) ቮልቴጅ በሬዚስተር ብቻ ከተገናኘ ቪሲኤው አይዘጋም፤ ፒኑ ከኔጋቲቭ መስመሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ስለሚል ኢንቨሎፑ ዜሮ ሲሆንም ከረንት ይፈሳል። አንድ ቢሲ557 ትራንዚስተር ይፈታዋል፦ ቤዙ ግራውንድ፣ ኢሚተሩ በ10 ኪሎኦም ወደ ኢንቨሎፑ፣ ኮሌክተሩ ወደ ፒን 1። በ5 ቮልት 0.44 ሚሊአምፕ ያህል ያልፋል፤ አይሲው የሚችለው እስከ 2 ሚሊአምፕ ነው። መውጫው ላይ ቲኤል072 (ኦፕ-አምፕ የሚባል ማጉያ አይሲ) በ47 ኪሎኦም ፊድባክ ብታደርጉ የገባውን ያህል ድምፅ ይመለሳል ማለት ይቻላል።

2164 የሚባለው አይሲ አራት ቪሲኤ ይዞ ይመጣል፤ ድምፁም የጠራ ነው። ሚክሰር ለሚሠራ ከሱ የተሻለ የለም። መቆጣጠሪያው ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ በ0 ቮልት ሙሉ ድምፅ ይሰጣል፣ በየ33 ሚሊቮልቱ 1 ዲሲቤል ይቀንሳል። ኢንቨሎፑን ገልብጦ የሚያስተካክል ኦፕ-አምፕ ካልጨመራችሁ ቁልፍ ሲነካ ድምፁ ይጠፋል። ከመክፈላችሁ በፊት ቅርጹን ጠይቁ፦ ኤስኤስአይ2164 የሚመጣው ቦርድ ላይ በሚለጠፍ ትንንሽ እግር ብቻ ነው፤ ቪ2164 ግን በዲፕም ተሠርቷል። ለቪ2164 ሾትኪ ዳዮድ ጨምሩለት፣ አኖዱ ወደ ኔጋቲቭ፣ ካቶዱ ወደ ግራውንድ፤ የኔጋቲቩ ሽቦ ቢላቀቅ አይሲውን ከመቃጠል ያድነዋል።

ገንዘብ ካጠረ ቪሲኤውን በሁለት ትራንዚስተር ሥሩ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ ቦርድ ሁለት ቢሲ547 ንቀሉ። የቤዝ-ኢሚተር ቮልቴጃቸው ከ2 ሚሊቮልት በላይ ከተለያየ ኢንቨሎፑ በተነሳ ቁጥር "ጧ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ደህና ጥንድ እስክታገኙ ብዙ ለኩ፣ ከዚያም ፊት ለፊት አጣብቋቸው።

ደሴ ብርድ ላይ የተስተካከለ ኤልኤም13700 ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ቢወርድስ? በ10 ዲግሪ ልዩነት ድምፁ የሚቀንሰው 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ጆሮ አይለየውም። በሙቀት ከቅኝት የሚወጣው ድምፁን የሚያመነጨው ኦሲሌተር ነው፤ ለሙቀት ማካካሻ የያዛችሁትን ገንዘብ እዚያ አውሉት።