በእቁብ ብር አይፎን ወይስ ቴክኖ?

እቁብ የወጣለት ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው።

ወጪ፦ ቴክኖ እዚሁ አገር ይገጣጠማል፣ መለዋወጫው በየሱቁ አለ። የአይፎን ስክሪን ከተሰነጠቀ ግን ኦሪጅናሉን ፍለጋ መርካቶን መዞር ነው፤ ታክሲ ውስጥ ስንጥቁ ጣቱን እየቆረጠው የሚነካካ ልጅ አይቼ አንጀቴን በልቶታል።

አጠቃቀም፦ ቴሌብር ሁለቱም ላይ ይሠራል። ቴክኖ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም አንድ ላይ ይይዛል፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ባትሪ ስላላቸው መብራት ሲሄድ አያስጨንቁም። አይፎን በካሜራና ለዓመታት በሚመጣለት አፕዴት ይበልጣል።

ስጋት፦ ሁለቱም ይሰረቃሉ። ልዩነቱ የምታጣው ብር ነው።

ቪዲዮ እየሠራህ የምትበላ ከሆነ አይፎን ያዝ፣ መሥሪያህ ነው። ካፌ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን፣ በተለይ የቤት ኪራይ እየተበደርክ የምትከፍል ከሆነ፣ ቴክኖውን ገዝተህ የተረፈውን ባንክ አስገባ።