በሁለት ቀፎ ላይ 14 ወር፦ የባለ ሞተር ካታማራን ምቾትና የክፍሎች አደላደል

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ አጠገብ በምትገኝ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) የምትቆመውን ጀልባችንን ከገዛናት 14 ወር ሆነን። ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት ቀፎዎች (ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ የጀልባ አካላት) ያሏት፣ ሸራ የሌላትና በሁለት የናፍጣ ሞተሮች የምትሄድ ካታማራን ናት፤ ርዝመቷ 13 ሜትር፣ ወርዷ 6.7 ሜትር ሲሆን ከውሃ በታች የሚገባው ክፍሏ አንድ ሜትር አይሞላም። እኛ ሦስተኛ ባለቤቶቿ ነን። የሠሪዋን ስም የማልጠቅሰው አንዲት ያገለገለች ጀልባ ይዞ ፋብሪካ መክሰስ ተገቢ ስላልመሰለኝ ነው። በእነዚህ ወራት እያንዳንዱ ሞተር 310 ሰዓት ሠርቷል፤ እኛም 58 ሌሊት አድረንባታል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ከእነዚያ ሌሊቶች የቀሰምኩትን ነው፤ ለመግዛት በሄድንበት ቀን ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሳሎኑም በፀሐይ ተጥለቅልቆ ስለነበር ዛሬ ከማማርርባቸው ነገሮች አንዱን እንኳ ማየት አልቻልኩም ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው ልናገር። ቼሳፒክ ቤይ ከሰሜን ወደ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ ሰላጤ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ከስድስት ሜትር ተኩል አይበልጥም። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ በተለይ በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ባሕሩ ከሚመለሰው የውሃ ፍሰት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ አንድ ሜትር የማይሞላ ሞገድ እንኳ ከባድ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከአናፖሊስ ወደ ሰለሞንስ፣ 45 ኖቲካል ማይል (83 ኪሎ ሜትር) ገደማ ስንጓዝ የገጠመን ይኸው ነበር። ሁለቱን ቀፎዎች የሚያገናኘው ወለል ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ካልተሠራ የሞገዱ ጫፍ ከሥር ይመታዋል፤ ድምፁም በሙቀጫ ውስጥ እንደሚወርድ ዘነዘና ነው። ሳሎን ተቀምጠው የነበሩት እናቴ እግራቸውን ወደ ሶፋው ሰብስበው አማተቡና «ልጄ፣ ከታች ማነው የሚያንኳኳው?» አሉኝ። የሳቅሁት በማግስቱ ነው፤ ያን ዕለት ግን ብርጭቆዎቹ በመደርደሪያቸው ውስጥ ሲንጫጩ የምለውም ጠፍቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ሲረጋ በትንሿ የጎማ ጀልባ ከሥር ገብቼ ክፍተቱን በሜትር ለካሁት። በሽያጩ ወረቀት ላይ 68 ሴንቲ ሜትር የተባለው ከፍታ ናፍጣው፣ ውሃውና የቤታችን ዕቃ ሲሞላበት 59 ሆኖ አገኘሁት። የካታማራን ቀፎዎች ቀጫጭን በመሆናቸው ክብደት ሲጨመርባቸው ሰፊ ወለል ካለው ጀልባ ይልቅ ቶሎ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ በኋላ 350 ኪሎ የሚሆን ዕቃ፣ ከእነዚህም መካከል ሁለት ብስክሌትና ለምን እንደተጫነ ማንም ሊነግረኝ ያልቻለ የብረት ሣጥን፣ ወደ ቤት መለስን፤ ያተረፍነው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የውሃውን ታንከር በግማሽ ብቻ ስንሞላ ሌላ ያህሉን አገኘን። ዛሬ ሞገድ ከፊት ሲመጣ ፍጥነቱን ወደ 8 ኖት (በሰዓት 8 ኖቲካል ማይል) አወርዳለሁ፤ አቅጣጫውንም ትንሽ ሰያፍ አደርገዋለሁ፤ ድብደባው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

መልህቅ ከጣልን በኋላ ግን ሌላ ጀልባ ትሆናለች። ከሁለቱ ቀፎዎች አፍንጫ የሚነሱት ሁለት ገመዶች ከመልህቁ ሰንሰለት ጋር ስለሚጣመሩ ጀልባዋ በነፋስ ወዲያና ወዲህ አትዋልልም፤ ወርዷም ወደ ጎን እንዳትንከባለል ያደርጋታል። በሰላጤው ዳርቻ በምትገኘው ሴንት ማይክልስ ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልፉት ፈጣን ጀልባዎች የሚተዉት ሞገድ ብዙ ነው። ባለቤቴ ጀበናዋን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ፣ ስድስት ሲኒ እስከ አፉ ሞልታ በነበረበት ቅጽበት አንድ ትልቅ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ በአጠገባችን አለፈ። ሁላችንም እጃችንን ወደ ረከቦቱ ዘረጋን፤ ከአንዱ ሲኒ ብቻ ጥቂት ጠብታ ወደ ማስቀመጫው ወረደ። በጓደኛዬ ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ላይ ቡና የምንጠጣው በክዳን በተዘጋ የጉዞ ኩባያ ነው። እርግጥ ነው፣ በጉዞ ላይ ሞገዱ ከጎን ሲመጣ የካታማራን እንቅስቃሴ ቶሎ ቶሎ የሚነቀንቅ ነው፤ አንድ ቀፎ ያለው ጀልባ ግን ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ታናሽ ልጄን የሚያመው የመጀመሪያው ሲሆን፣ እኔን ደግሞ የሚያመኝ ሁለተኛው ነው።

ወደ አደላደሉ ስመጣ፣ ከሁሉ የምወደው የወጥ ቤቱን ቦታ ነው። ሳሎኑና የኋላው በረንዳ አንድ ወለል ላይ ናቸው፤ ወጥ ቤቱም በመካከላቸው፣ በተንሸራታቹ የመስታወት በር አጠገብ ይገኛል። ወጥ ቤቱ ወደ አንደኛው ቀፎ የወረደባቸው ካታማራኖች ሰፊ ሳሎን ያተርፋሉ፤ ነገር ግን የሚያበስለው ሰው ከጨዋታው ተነጥሎ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያህል ነው። የእኛ ችግር አየር ነው። ከምድጃው በላይ ያለችው መስኮት የመጽሐፍ ያህል ስለሆነች፣ ቁሌት በተጣደ ቁጥር የሽንኩርቱ ሽታ ደረጃውን ወርዶ ፍራሽ ውስጥ ይገባል። አሁን ወጡ ከቤት ተሠርቶ ይመጣል። የማቀዝቀዣው መሳቢያም ጠባብ በመሆኑ እንጀራው አራት ቦታ ታጥፎ ነው የሚገባው፤ በሦስተኛው ቀን ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

መኝታዎቹ ከታች፣ በቀፎዎቹ ውስጥ ናቸው። የቀኙ ቀፎ ሙሉ በሙሉ የባለቤቶቹ ነው፦ ከኋላ አልጋ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን፣ ከፊት መታጠቢያው። በግራው ቀፎ ሁለት የእንግዳ ክፍሎች አሉ፤ መጸዳጃው በመካከላቸው ነው። በሥዕሉ ላይ ሲታይ የባለቤቶቹ ክፍል የቅንጦት ነው፤ ዳሩ ግን ሞተሩ ያለው ከአልጋው ሥር ነው። በስልኬ እንደለካሁት በ7 ኖት ስንሄድ ትራሱ ላይ ያለው ድምፅ 71 ዴሲቤል ሲሆን፣ በግራው የፊት ክፍል 58 ብቻ ነው። አንዱ ሌሊት ሲነዳ ሌላው ይተኛል ብለን ያቀድነው ዕቅድ በመጀመሪያው ጉዞ ቀረ። የፊተኛው ክፍል በጉዞ ላይ ጸጥ ያለ ቢሆንም፣ መልህቅ ላይ ስንሆን ደግሞ ትንንሽ ሞገዶች ከጆሮ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ጥፍ ጥፍ ይላሉ። ስለዚህ ስንጓዝ ፊት፣ ስንቆም ኋላ እንተኛለን፤ አንሶላ ይዞ መሸጋገር የጀልባ ኑሮ አካል ሆኗል።

ሙቀቱም ሊዘነጋ አይገባም። የቀፎዎቹ የጎን መስኮቶች አይከፈቱም፤ አየር የሚገባው በጣሪያው ላይ ባሉት ክፍት ቦታዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ዝናብ ሲመጣ ይዘጋሉ። የሐምሌ ነጎድጓድ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ክፍሎቹ እንደ ገላ መታጠቢያ በእንፋሎት ይታፈናሉ። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ ማቀዝቀዣውንና ማራገቢያዎቹን ያለ ችግር ያንቀሳቅሳሉ፤ ለኤር ኮንዲሽነሩ ግን ጄኔሬተር ማስነሳት ግድ ይላል።

መሪው ያለው በላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ነው። ሩቅ ማየት ለሚያስፈልገው ሰው፣ በተለይ የሸርጣን ወጥመድ ምልክቶች በተበተኑበት ውሃ፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ዝናብ ሲመጣ ግን ቤተሰቡ ከታች ደርቆ ሲጫወት ሾፌሩ ብቻውን ይበሰብሳል። ማሪና ውስጥ ማዞር እጅግ ቀላል ነው፤ ፕሮፔለሮቹ ተራርቀው ስለተተከሉ አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ሲያደርጉት ጀልባዋ በቆመችበት ትሾራለች። ወርዷ ግን በተራ መቆሚያ ስለማይገባ የምንቆመው በመድረኩ ጫፍ ነው፤ የምንከፍለውም የአንድ ጀልባ ተኩል ሂሳብ ነው። ናፍጣን በተመለከተ በ7 ኖት ሁለቱ ሞተሮች በሰዓት 11 ሊትር ገደማ፣ በ15 ኖት ግን 75 ሊትር ይወስዳሉ፤ ከዚያ ስሌት በኋላ ቸኩዬ አላውቅም።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለመግዛት አስበው የሚደውሉልኝ ወገኖች አሉ። የምነግራቸው ታንከሮቹን ሞልተው ከሥር ያለውን ክፍተት ራሳቸው እንዲለኩ፣ ሞተሩ እየሠራ አልጋው ላይ እንዲጋደሙ፣ በዕድሜ የገፋ ዘመድ ካላቸውም ይዘውት እንዲሄዱ ነው። የመጨረሻውን ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው። ከሳሎን ወደ መኝታው የሚያወርዱት አራት ደረጃዎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ የታችኛው ላይ ሲደርሱም የሚጨበጥ ነገር አልነበረም። በመስከረም አንድ ሌሊት መብራት ሳያበሩ ሲወርዱ ተንሸራተው ጉልበታቸው ተላጠ። በሳምንቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የማይዝግ ብረት መጨበጫ አስገጠምኩ፤ ለደረጃዎቹም ጫፍ ሻካራ ማጣበቂያ ለጠፍኩ። እሳቸው ግን ዳግመኛ ወደዚያ ክፍል ለመመለስ እሺ አላሉም። የሳሎኑ ጠረጴዛ ዝቅ ሲል አልጋ ስለሚሆን እዚያ ያድራሉ፤ በአራቱም ማዕዘን መስኮት አለ፤ ከሥራቸው ሞተር የለም። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው፣ ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ በመስታወቱ በኩል እያዩ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ እኛ ደግሞ ኪዳናቸውን እስኪጨርሱ ቡና ለማፍላት ደረጃው ላይ ቆመን ተራ እንጠብቃለን።