አርኤስ አጋር ለወይን ግንድ ዕጢ፦ አዳማ ላይ እንዴት ይሠራል?

የወይን ግንድ ዕጢ (ክራውን ጋል) የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለመለየት አንድ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ) ብቻ መግዛት የሚችል የአዳማ ላብራቶሪ አርኤስን ይምረጥ፤ አርኤስ በሮይና ሳሰር ስም የተጠራ፣ በአጋር የሚረጋ ሚዲያ ነው። በወይን ላይ ዋናው ተጠያቂ አሎሪዞቢየም ቪቲስ ነው፤ በቀድሞ ስሙ አግሮባክቴሪየም ቪቲስ። አርኤስም የተዘጋጀው ለእሱ ነው። ማንነቱን ሳያረጋግጡ ኬ84 የተባለውን ሕያው መከላከያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጽጌረዳንና ኮክን ይጠብቃል፣ ቪቲስን ግን አያቆምም።

ለአንድ ሊትር 4 ግራም አዶኒቶል (የስኳር ዘመድ) እና 1 ግራም ቦሪክ አሲድ ይገባል። ቪቲስ አዶኒቶሉን ሲመገብ ቦሪክ አሲዱ ሌላውን ያፍናል። ውዱ ዕቃ አዶኒቶሉ ነው፣ እሱን መቀነስ ግን ሚዲያውን መግደል ነው። 80 ሚሊግራም ቴትራዞሊየም ክሎራይድ (ቀዩን ቀለም የሚሰጠው)፣ እንዲሁም ሁለቱ አንቲባዮቲኮች፣ 20 ሚሊግራም ሳይክሎሰሪን እና 20 ሚሊግራም ትራይሜቶፕሪም፣ የሚጨመሩት ከኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም መግደያ ዕቃ) በኋላ፣ ሚዲያው ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ነው። ትኩስ ላይ ከተጨመሩ አንቲባዮቲኮቹ ይዳከማሉ፤ ፔትሪ ዲሹም የማይፈለግ ነገር ይሞላበታል።

አዳማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የኦቶክሌቩ መለኪያ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ አይደርስም። ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ዕቃው ያን ግፊት የሚችል መሆኑ ይታይ፤ ካልቻለ ቴርሞሜትሩን እያዩ ጊዜውን ማርዘም ነው።

ናሙናው ከለጋ፣ ነጣ ካለና ለስላሳ ከሆነ ዕጢ ይወሰድ። በደረቀና በጠቆረ ዕጢ ውስጥ ባክቴሪያው ትንሽ፣ ሌላው ጀርም ብዙ ነው። ከባቱ እርሻዎች ሲመጣ በቅዝቃዜ ይጓጓዝ እንጂ በረዶ አይሁን። ላዩን አጥቦ በንጹሕ ውኃ ውስጥ መክተፍ፣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ውኃውን በሚዲያው ላይ መዘርጋት። በ28 ዲግሪ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ መሃሉ ቀይ፣ ጠርዙ ነጣ ያለ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ይወጣል። በአዳማ በጋ ክፍሉ ከዚህ በላይ ስለሚሞቅ ማቀዝቀዝ የሚችል ኢንኩቤተር ያስፈልጋል።

አርኤስ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ኮሎኒ «በሽታ አምጪ» ማለት አይደለም። ቲአይ ፕላዝሚድ (ዕጢ የሚያስወጡትን ጂኖች የያዘ የዲኤንኤ ቀለበት) የሌላቸው፣ ዕጢ የማያወጡ ቪቲሶችም በጤነኛ ወይን ላይ ይኖራሉ፤ ሲበቅሉም ልዩነታቸው በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከበሽታ ማምጣት ጋር የተያያዘውን ቪርዲ2 የተባለ ጂን በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለይ ምርመራ) መፈለግ የግድ ነው። ባክቴሪያው በተክሉ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ አንድ ቁራጭ ንጹሕ መሆኑ ለችግኙ ዋስትና አይሆንም። ሌላውን ዕጢ አምጪ፣ አግሮባክቴሪየም ቱሜፋሲየንስን ለማግኘት ደግሞ 1ኤ የሚባለው ሚዲያ ይጨመር፤ አርኤስ ለእሱ አይደለም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ በቲማቲም ወይም በሱፍ አበባ ግንድ ላይ መርፌ ወግቶ ባክቴሪያውን መቀባት ነው፤ ዕጢው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። አንዳንድ የባክቴሪያው ዝርያ ዕጢ የሚያወጣው በወይን ላይ ብቻ ስለሆነ የወይን ችግኝ ከጎን ይኑር።